የመኖ አቅርቦትና የምግብ ፍላጎት ሆርሞኖች በላሞች ርቢ ላይ ያላቸው ሚና

ከወለደች በኋላ ለረጅም ጊዜ ኮርማ ያልፈለገች ላም እንደ መካን ተቆጥራ ለሥጋ የምትሸጥበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ይሁንና የችግሩ መንስኤ መካንነት ሳይሆን የመኖ እጥረት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

የላም አካል ያለውን ኃይል በቅድሚያ የሚያውለው ሕይወቷን ለማቆየትና ወተት ለመስጠት ሲሆን፣ ርቢ የሚከተለው ከእነዚህ በኋላ ነው። የኃይል ክምችቱን መጠን ለአንጎል የሚያሳውቁት ሆርሞኖች ናቸው። ከስብ የሚመነጨው ሌፕቲን በቂ ክምችት መኖሩን ያመለክታል። በዋናነት ከጨጓራ የሚመነጨው ግረሊን በረሃብ ጊዜ ይጨምራል። ኢንሱሊን ደግሞ በቂ መኖ ሲገኝ ከፍ ይላል፤ የእንቁላል ከረጢቶችንም እድገት ያግዛል። ላሟ ስትከሳ ሌፕቲንና ኢንሱሊን ይቀንሳሉ፣ ግረሊን ይጨምራል። በዚህም ምክንያት አንጎል እንቁላል እንዲበስልና እንዲለቀቅ የሚሰጠው ትእዛዝ ይዳከማል፤ የኮርማ ፍላጎት ወይም ድራት ይዘገያል።

ችግሩ የሚበረታው ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። በዚህ ወቅት ለወተት የሚወጣው ኃይል ከመኖ ከሚገኘው ስለሚበልጥ ላሟ የራሷን ስብ ትጠቀማለች። ወሊዱ ከበጋው የመኖ እጥረት ጋር ሲገጥምና ላሟ ገለባ ብቻ ስትመገብ ጉዳቱ ይከፋል።

በመሆኑም አርቢዎች የሚከተሉትን ተግባራት ማከናወን ይጠበቅባቸዋል፦

• የሰውነት አቋምን መከታተል፦ ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ የወተት ላም በወሊድ ጊዜ ከ3 እስከ 3.5 ባለው ደረጃ ላይ ብትገኝ ይመረጣል። የጎድንና የዳሌ አጥንቶቿ አግጠው የሚታዩ ላም ተጨማሪ መኖ ያስፈልጋታል።

• መኖን ማሻሻል፦ ከወሊድ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሳምንታትና ከወሊድ በኋላ ከድርቆሽ ወይም ከገለባ በተጨማሪ ፍሩሽካ፣ ፋጉሎና የማዕድን ጨው ቀስ በቀስ እየጨመሩ መስጠት።

• ከመጠን ያለፈ ውፍረትን መከላከል፦ በጣም የወፈረች ላም ከወለደች በኋላ የምግብ ፍላጎቷ ስለሚቀንስ በፍጥነት ትከሳለች።

• ድራትን መከታተል፦ ድራት በአማካይ በየ21 ቀኑ ይመላለሳል። ጠዋት ድራት ያሳየች ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ያሳየች ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች።

በቂ መኖ እያገኘች ድራት የማታሳይ ላም እርጉዝ ልትሆን ወይም የማህፀን በሽታ ሊኖርባት ይችላል። ስለዚህ ለሥጋ ከመሸጧ አስቀድሞ በአቅራቢያ በሚገኝ የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንድትመረመር ማድረግ ያስፈልጋል።