ጸጥታና ነጻነት በዊልያም ፒት ዘመን

ጸጥታ በሌለበት አገር የነጻነት ሕግ የወረቀት ጌጥ ብቻ መሆኑ አይካድም። እንግሊዝ ከአብዮታዊት ፈረንሳይ ጋር ስትዋጋ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1794፣ የፒት መንግሥት የታሰረ ሰው ዳኛ ፊት እንዲቀርብ የሚያዘውን የ1679 ሕግ በፓርላማ ፈቃድ ለጊዜው አገደ። የምርጫ ሕግ እንዲሻሻል የጠየቀው ጫማ ሰፊ ቶማስ ሃርዲ በአገር ክህደት ተከሰሰ። ነገር ግን ጁሪ የሚባሉት ዐሥራ ሁለት የሕዝብ ፈራጆች በነጻ ለቀቁት። ሌሎች ሁለት ተከሳሾችም ነጻ ሲወጡ መንግሥት የቀሩትን ክሶች ተወ፤ አገሪቱም አልፈረሰችም። እገዳው ከ1798 እስከ 1801 ዳግመኛ ሲጸና ግን ሰዎች ያለ ፍርድ ለዓመታት ታሠሩ። ስለዚህ መንግሥት በክፉ ቀን ሰፊ ሥልጣን ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሥልጣኑ ቀን የተቆረጠለትና ዳኛ የሚመረምረው ሊሆን ይገባል።