ጥይቱን ማን መረጠው?

አቦቦ ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፣ የአልዌሮ ወንዝ የሚያጠጣት ትንሽ ከተማ ናት። ሙቀቱ በረድ እስኪል ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ከአንድ አኙዋ አዛውንት ጋር ተቀምጬ አወራ ነበር። አዛውንቱ ፒፓቸውን ትንባሆ እየሞሉ ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። የሚጠቀጥቁበት ነገር ዓይኔን ሳበው። ከመዳብ ይልቅ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ቂጡ ሰፊ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ የናስ ቀለህ ነው።

«አባባ፣ ይህን ከየት አገኙት?» አልኳቸው።

«የአያቴ ነው ልጄ። ጠመንጃው የት እንደገባ አላውቅም። ይህ ብቻ ቀረ» አሉኝ፤ አጠገባቸው የተቀመጠው የልጅ ልጃቸው እያስተረጎመልኝ።

ተቀብዬ አገላብጬ አየሁት። የውጅግራ ቀለህ ነው። አያታቸው ዝሆን አዳኝ እንደነበሩ ሲነግሩኝ፣ ከከተማ ይዤው የመጣሁት የማወቅ ጉጉት አላስቀምጥ አለኝና፣ «ለዝሆን አደን ይህን ዓይነት ጥይት ለምን መረጡት?» ብዬ ጠየቅሁ። አዛውንቱ ሳቁ። «መረጡት ነው ያልከው? ያመጡላቸውን ነው እንጂ!»

ውድ አንባቢ፣ ይህች መልስ አዲስ አበባ ድረስ ተከትላኝ መጣች። ምክንያቱም በዚያው ዘመን፣ ከዚያው ምድር ብዙም ሳይርቅ፣ ጥይቱን አማርጦ ዝሆን ያደነ ሌላ ሰው እንደነበረ አንብቤ ነበርና ነው።

ወደ ሰውየው ከመሻገሬ በፊት ስለ ምርጫው ጥቂት ልበል። ጠመንጃ በልክ የሚያሠራ አዳኝ፣ ልብስ በልክ እንደሚያሰፋ ሰው ነው። ሰደፉ ለክንዱ ቁመት፣ ክብደቱ ለትከሻው አቅም ይሠራለታል። ይሁን እንጂ ሠሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም «በምን ጥይት የሚተኩስ ይሁን?» የሚል ነው። ጥይቱ የሚጎርስበት ቤት በቀለህ ልክ፣ የአፈሙዙ ቀዳዳም በአረሩ ውፍረት ልክ ይበሳልና ጥይቱ ሳይታወቅ ጠመንጃው አይጀመርም። ጥይቱን የመረጠ ሰው ደግሞ የሚገድለውን አውሬ ብቻ አይደለም የመረጠው። የሚቀጥለውን ጥይት ከየት አገር፣ ከማን እጅ እንደሚገዛም አብሮ ወስኗል።

ሰውየው ወልተር ቤል ይባላል። በ1880 እ.ኤ.አ. የተወለደ ስኮትላንዳዊ ሲሆን፣ በዩጋንዳ ካራሞጃ ባካሄደው አደን ምክንያት «ካራሞጆ ቤል» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። ከአደን ጉዞዎቹ አንዱ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያመጣው ነው። በ1923 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ስለ ጊሎ ወንዝና ስለ ረግረጉ የሚተርክ ምዕራፍ አለ። ጊሎ ከአቦቦ በስተደቡብ የሚፈስ ወንዝ ነው።

በዚያ ዘመን ለዝሆን የሚሄድ ባለገንዘብ አውሮፓዊ፣ ለንደን ወርዶ ባለ ሁለት አፈሙዝ ከባድ ጠመንጃ ያሠራ ነበር። ትልቁ ዓይነት የአፈሙዙ ስፋት ከ15 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ አረሩ ብቻ 58 ግራም ይመዝናል፣ ጠመንጃው ደግሞ 7 ኪሎ ያህል ነው። ሲተኮስ የተኳሹን ትከሻ ያነዋውጣል። ቤል ከዚህ ሁሉ ሸሸ። በለንደኑ ሪግቢ የጠመንጃ ቤት የተሠራለትን ቀላል ጠመንጃ ያዘ፤ ጥይቱም የጀርመኑ ማውዘር 7 ሚሊ ሜትር ነበር። እንግሊዞች በኢንች መለካት ስለሚወዱ ሪግቢ በ1907 እ.ኤ.አ. ሌላ ስም ሰጡት እንጂ፣ ጥይቱ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. የስፔን ጦር የታጠቀው፣ ቦኤሮችም በደቡብ አፍሪካ እንግሊዞችን የወጉበት የወታደር ጥይት ነው። አረሩ 11 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል።

ታዲያ በ11 ግራም ዝሆን እንዴት ይወድቃል? ቤል የዝሆን የራስ ቅል በመጋዝ ለሁለት አስከፍሎ፣ አንጎሉ የት እንደተቀመጠ አጥንቷል። ከዚህ የተማረው ነገር፣ የአረሩ ውፍረት ሳይሆን ቀጥ ብሎ መግባቱ እንደሚገድል ነው። የ7 ሚሊ ሜትሩ አረር ቀጭንና ረጅም፣ አፍንጫው ክብ፣ ዙሪያውን በጠንካራ ብረት የተለበጠ ነው። በሴኮንድ 700 ሜትር ያህል እየበረረ አጥንቱን ሲያገኝ አይደፈጠጥም፣ መንገዱንም አይስትም። ደግሞም የጀርመን ፋብሪካ ጥይት የማይከሽፍ መሆኑን ቤል አጥብቆ ያምን ነበር። በሕይወቱ ከ1,000 በላይ ዝሆኖች እንደገደለ የቆጠረው ይህ ሰው፣ አብዛኞቹን የጣለው በዚሁ ጥይት ነው።

ይህ እንግዲህ የመራጩ ሰው ታሪክ ነው። አሁን ወደ አዛውንቱ አያት እንመለስ።

ውጅግራ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። «ፉዚ ግራ» የሚለው ስሙ በአገራችን አንደበት ተለውጦ ነው ውጅግራ የሆነው። እንግሊዞች መቅደላ ይዘውት የመጡት ስናይደር «ስናድር» እንደተባለው ማለት ነው። የፈረንሳይ ጦር ግራን በ1874 እ.ኤ.አ. ታጠቀው። በ1886 እ.ኤ.አ. ጢስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰው ለበል ሲመጣ ግን ውጅግራ አረጀ። ያረጀ መሣሪያ ደግሞ ገዢ ይፈለግለታል። የቀይ ባሕር ዳርቻ በዚያ ዘመን የእንዲህ ዓይነት ነጋዴዎች መተላለፊያ ነበር። ባለቅኔው አርተር ራምቦ እንኳ በ1887 እ.ኤ.አ. ያረጁ ጠመንጃዎችን በግመል ጭኖ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ሸዋ መግባቱ የታወቀ ነው።

የውጅግራ አረር 25 ግራም የሚመዝን፣ ልባጭ የሌለው እርሳስ ነው። በጥቁር ባሩድ ተገፍቶ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ይሄዳል። ለሰው ለሰው ክፉ መሣሪያ ነው። የዝሆን ራስ ቅል ሲገጥመው ግን ለስላሳው እርሳስ ይደፈጠጣል፤ የባሩዱ ጢስም ተኳሹን ይጋርዳል፣ ያለበትንም ያሳብቃል። በዚህ ጥይት ዝሆን የሚያድን ሰው በጣም መቅረብ፣ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ደጋግሞ መተኮስ ነበረበት። ቆስሎ ጫካ የገባው ዝሆን ስንት እንደሆነ የቆጠረ የለም። ስለዚህ ቤል ጥይት መርጦ ድካሙን ሲቀንስ፣ የአቦቦው ሰው ያልመረጠውን ጥይት ጉድለት በገዛ ድፍረቱ ይሞላ ነበር ማለት ነው። በእኔ ግምት ከሁለቱ የላቀው አዳኝ ማን እንደነበር አጠያያቂ ነው። መጽሐፍ የጻፈው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ጥይት በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ከጥይትም በላይ ነበር። የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በየገበያው እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። አንዷን ተኮስክ ማለት ከኪስህ ገንዘብ አወጣህ ማለት ነው። ለቆላው ሰው ይህን ገንዘብ የሚያመጣለት ዋናው ነገር የዝሆን ጥርስ ሆነ። ጥርስ ወደ ደጋ ይወጣል፣ ጠመንጃና ጥይት ወደ ቆላ ይወርዳል። በጠመንጃው ሌላ ዝሆን ይገደላል፣ በጥርሱ ሌላ ጥይት ይገዛል። ይህ ክብ አንዴ መዞር ከጀመረ ማቆሚያ አልነበረውም።

ክቡ ሰውንም ይዞ ዞረ። ጥርስ ያገኘ የአኙዋ ባላባት ጠመንጃ አገኘ፤ ጠመንጃ ያገኘም ተከታይ አፈራ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት፣ እንግሊዞች በባሮ ዳርቻ የንግድ ጣቢያ የማቋቋም መብት አገኙ። ይህ ነው በኋላ የጋምቤላ ወደብ የሆነው። በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ከሚወርደው ቡናና ሰም ጋር የዝሆን ጥርስም ነበረበት። እንግሊዞች በሱዳን በኩል ያለው አኙዋ እስከ አፍንጫው መታጠቁ አሳስቧቸው፣ በመጋቢት 1904 ዓ.ም. በአኳይ ዋ ቻም የሚመራውን አኙዋ ለመውጋት ጦር ላኩ። ውጊያው ለዘማቾቹ እንዳሰቡት አልቀለለም። የእንግሊዝ መኮንኖች ጭምር የሞቱበት ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። ለዝሆን የተገዛው ጥይት ለሰው ዋለ።

የጋምቤላ ጣቢያ በ1956 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ የተጎዱ ወገኖች ከሰሜን መጥተው በአቦቦ አካባቢ ሰፈሩ፣ በአልዌሮ ላይም ግድብ ተሠራ። ደኑ ሳሳ፤ ዝሆኖቹም ወደ ጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ረግረግና ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር ሸሹ። ጠመንጃው ግን አልሸሸም። በጎረቤት ሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ክላሽ ወደዚህ ምድር ጎረፈ። የክላሽንም ጥይት የአቦቦ ሰው አልመረጠውም። በቅርብ ዓመታት በጋምቤላ ስንት ቤት እንደፈረሰበት አንባቢ ሳይሰማ አይቀርም።

መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ አበባ ላይ በተለያየ ጊዜ የተያዘ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አቃጠለ። ንግዱን የሚያወግዝ ሥርዓት ነበር፤ መልካም ነው። እኔ ግን ዜናውን ባስታወስኩ ቁጥር የማስበው፣ የጥርሱን ክምር ሳይሆን ከእያንዳንዱ ጥርስ በስተጀርባ ያለውን ጥይት ነው። ማን ሠራው? ማን ሸጠው? ትርፉስ ማን ኪስ ገባ? ስለ ዝሆን ማለቅ ስንጽፍ ተኳሹን መውቀስ ይቀናናል። ፓሪስና ለንደን ያሉት ግን ሁለት ጊዜ አትርፈዋል፤ አንዴ ያረጀ መሣሪያ ሸጠው፣ አንዴ ጥርሱን ለፒያኖ ቁልፍና ለቢሊያርድ ኳስ ገዝተው።

ከአዛውንቱ ከመለየቴ በፊት፣ «ዝሆን አይተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ልጅ ሆኜ፣ ብዙ» አሉ።

ወደ ልጅ ልጃቸው ዞርኩ። ራሱን በአሉታ ነቀነቀ፤ እሱ ያየው በሥዕል ነው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ቀለሁን ከእኔ ተቀበለና ለአያቱ መለሰላቸው። እሳቸውም ትንባሆአቸውን መጠቅጠቅ ቀጠሉ።