የአዋሽ ውኃና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች፦ ከአዳማ እስከ መተሐራ

ከሞጆ ተነሥቶ በአዳማና በወለንጪቲ በኩል እስከ መተሐራ የሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ ክፍል የከተሞቹን ዕድገት በመጀመሪያ ያገኘው ከባቡር ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በመንገዱ ላይ የነበሩት ጣቢያዎች የገበያና የሰፈራ ማዕከል ሆኑ። ለረጅም ዘመን ናዝሬት ስትባል የቆየችው አዳማም ከእነዚህ አንዷ ናት። ይሁን እንጂ የአካባቢው ሕዝብ ኑሮ የሚጸናውም ሆነ የሚናጋው በውኃ ምክንያት በመሆኑ፣ የከተሞቹ ታሪክ ከአዋሽ ወንዝ ታሪክ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

ቀዳሚው ሥርዓት

ከግድብና ከፋብሪካ በፊት በሸለቆው ይኖሩ የነበሩት አርብቶ አደሮች፣ በተለይም በመተሐራና በፈንታሌ ዙሪያ የሚገኙት ከረዩዎች፣ ድርቅን የሚቋቋሙት በመንቀሳቀስ ነበር። በጋው ሲጠና ከብቶቻቸውን ወደ አዋሽ ዳር ያወርዳሉ፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ የወንዙን ዳር ግጦሽ ለክፉ ቀን ትተው ራቅ ወዳለው ሜዳ ይወጣሉ። ስለዚህ ላላወቀው ሰው ባዶ መስሎ የሚታየው የወንዝ ዳር መሬት የማኅበረሰቡ መጠባበቂያ ነበር ማለት ነው።

በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቁሞ መስኖ ሲስፋፋ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያም የመተሐራ ስኳር እርሻና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሲመሠረቱ፣ ይኸው የበጋ ግጦሽ እየጠበበ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የደረሱት ድርቆች ከረዩን ከቀድሞው ይልቅ የጎዱት ዝናብ በመጥፋቱ ብቻ ሳይሆን መሸሻው በመዘጋቱም ጭምር ነው።

ቆቃና ወንጂ

የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በወንጂ ያቋቋመው የአገሪቱ የመጀመሪያ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ ኢጣሊያ በከፈለችው የጦርነት ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ ተመረቀ። ግድቡ 43 ሜጋ ዋት ያህል ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የሚችል ከመሆኑም በላይ የአዋሽን ፍሰት በማመጣጠን ከበታቹ ያለው መስኖ በበጋ ውኃ እንዲያገኝ አስችሏል። አዳማ የኢንዱስትሪና የንግድ ከተማ ለመሆን የበቃችው በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ግድቡ ከደጋው የታጠበውን አፈርም አብሮ ተቀበለ። በየክረምቱ የሚከማቸው ደለል የማጠራቀሚያውን አቅም በእጅጉ ቀንሶታል። በሐይቁ ዳርቻ ባሉ መንደሮች የተደረጉ ጥናቶችም የወባ ሕመም ከሐይቁ ርቀው ከሚገኙት ይልቅ ቅርብ በሆኑት እንደሚበዛ አሳይተዋል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ በታችኛው ተፋሰስ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሲያፈናቅል፣ አንድ ግድብ ብቻውን ለጎርፍ ዋስትና እንደማይሆን በግልጽ ታየ።

የማይታየው ጉዳት

በወንጂ የተገኘው ሌላው ትምህርት ከዚህም የረቀቀ ነው። የሸለቆው የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ አለቶች ውስጥ የሚያልፍ በመሆኑ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚፈቅደው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በወንጂ የእርሻ መንደሮች ከተቆፈሩት ጉድጓዶች ብዙዎቹ ከዚህ በላይ ነበሩ። ውኃው ሲታይ ጥሩ ነው፤ ጀርምም የለበትም። ጉዳቱ የሚገለጸው በመጀመሪያ በልጆች ጥርስ መበለዝ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላም በአጥንትና በአከርካሪ መጠንከር ነው። ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ለአገዳ ቆረጣ መጥተው ዕድሜያቸውን በዚያ ከገፉት ሠራተኞች መካከል ጀርባቸውን ማጠፍ የተሳናቸው ነበሩ።

ችግሩ እንደ ታወቀ በአልሙና አማካይነት ፍሎራይድን የሚያጣሩ መሣሪያዎች በወንጂ ተተከሉ። መሣሪያው ግን ማጣሪያው በጊዜው ካልታደሰ ጥቅም የለውም፤ ዘላቂው መፍትሔ የአዋሽን ውኃ አጣርቶ ማደል ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር፣ ጉድጓድ በመቆፈሩ ብቻ ሕዝብ የመጠጥ ውኃ አገኘ ሊባል እንደማይቻል ነው።

የበሰቃ መስፋፋት

በመተሐራ አጠገብ የሚገኘው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በ1990ዎቹ ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር አለፈ። የስምጥ ሸለቆ ሌሎች ሐይቆች፣ ለምሳሌ አብያታ፣ ሲሸሹ ይህ የሚያድግበት ምክንያት ብዙ አከራክሯል። አንዳንዶቹ ባለሙያዎች ከመስኖ እርሻዎች የሚሰርገውን ውኃ፣ ሌሎች ደግሞ የከርሰ ምድር ፍሰት መለወጥን ያመለክታሉ። ሐይቁ ጨዋማ በመሆኑ የዋጠውን ግጦሽና እርሻ ለጥቅም አያውለውም። የባቡር ሐዲዱና አውራ ጎዳናው በተደጋጋሚ በአፈርና በድንጋይ ሙሌት ከፍ እንዲሉ ተደርገዋል። ሐይቁ በድንገት ገንፍሎ ወደ አዋሽ ቢገባ የታችኛውን ተፋሰስ ውኃ ስለሚያበላሽ፣ እየተመጠነ ከወንዙ ጋር እንዲቀላቀል የማድረግ ሥራ ተጀመረ።

ሐይቁ ያደገው በአንድ ሌሊት አይደለም። ለብዙ ዓመታት ሲለካ የኖረ ነው። የጎደለው የመለኪያ እጥረት ሳይሆን፣ በልኬቱ መሠረት እርሻውን፣ መንገዱንና ከተማውን በአንድነት የሚያይ ዕቅድ ነው።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ በተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። ምድሪቱ ገና በመላወስ ላይ መሆኗን ይህ ለሁሉም አሳሰበ። እንግዲህ በዚህ ሸለቆ የሚሠራ መሐንዲስ፣ ሐኪምም ሆነ የእርሻ ባለሙያ የሥራውን ዋጋ የሚመዝነው በምረቃው ዕለት በሚታየው ውጤት ሊሆን አይገባም። ከግድቡ በላይ ያለው አፈር፣ ከእርሻው በታች ያለው ውኃ፣ ከጉድጓዱ የሚጠጣው ሕፃን ጥርስ፣ በበጋ መሸሻ ያጣው ከብት፣ ሁሉም በሒሳቡ ውስጥ ሊገቡ ይገባል። ከረዩዎች የወንዙን ዳር ለክፉ ቀን ሲያቆዩ የሠሩት ሒሳብ ይኸው ነበር።