ዋጋውን ለማየት ጋሪ ውስጥ ይጨምሩ

ከሦስት ዓመት በፊት አሜሪካ ላለ አንድ የኦንላይን ሱቅ ኮድ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን የመጣልኝ ሥራ፣ የአንዳንድ ዕቃዎች ዋጋ ገጹ ላይ እንዳይታይ፣ ደንበኛው ዕቃውን ጋሪ ውስጥ ሲጨምር ብቻ እንዲታይ ማድረግ ነበር። የተሳሳቱ መሰለኝ። ዋጋ የቀነሰ ነጋዴ ቅናሹን ይደብቃል እንዴ? ለካ ከጀርባ አምራቹ አለ፤ «ከዚህ ዋጋ በታች እንዳታስተዋውቁ» የሚል ደንብ አውጥቷል። ጋሪ ውስጥ የሚታየው ዋጋ ደግሞ በደንቡ እንደ ማስታወቂያ አይቆጠርም። ኮዱ አሥር መስመር አይሞላም። ከኋላው ግን የመቶ ዓመት ጠብ አለ።

ጠቡ የተጀመረው በመድኃኒት ነው። ዶክተር ማይልስ የተባለ የኢንዲያና ኩባንያ መድኃኒቱን የሚሸጡትን ሁሉ ዋጋ በውል አስሮ ነበር። አንድ ጅምላ ነጋዴ ውሉን አልፈርምም ብሎ፣ መድኃኒቱን በጎን እያገኘ በርካሽ ሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1911 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለነጋዴው ፈረደ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሸጠህ ገንዘብህን ከተቀበልክ በኋላ፣ ገዢው ስንት እንደሚሸጠው አንተ አትወስንም።

ከዚያ የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ሱቆች በገፍ እየገዙ በርካሽ ሲሸጡ፣ የሰፈር ፋርማሲዎች ተንገዳገዱ። ትንንሾቹ ነጋዴዎች ራሳቸው «ዋጋው ይታሰርልን» ብለው ጮኹ። ካሊፎርኒያ በ1931 ፈቀደች፤ በ1941 ከ48ቱ ግዛቶች 45ቱ እንዲህ ዓይነት ሕግ ነበራቸው። ስሙም ያምራል፦ «ፍትሐዊ ንግድ»። ሕጉ ግን አንድ ጉድ ነበረበት፤ በግዛቱ ውስጥ አንድ ነጋዴ ከአምራቹ ጋር ከፈረመ፣ ያልፈረሙትም ይታሰራሉ። እኛ ሳናነብ «እስማማለሁ» ስንል ቢያንስ የምንጫነው ራሳችን ነን!

ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሽዌግማን የሚባል ሱፐርማርኬት በ4.24 ዶላር እንዲሸጥ የታዘዘውን ዊስኪ በ3.35 ሸጠ። በ1951 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረታ። በዓመቱ ኮንግረስ ሕጉን መልሶ ጠገነው። የፌዴራሉ ፈቃድ የተሻረው በ1975 ነው።

እዚህ ላይ ለአምራቾቹ ልሟገት። መገናኛ አካባቢ ላፕቶፕ የሚሸጥ ጓደኛ አለኝ። ደንበኛ ይመጣል፣ ኪቦርዱን ይሞክራል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስረዳዋል። ከዚያ «ተመልሼ እመጣለሁ» ብሎ ይወጣና፣ የሱቅ ኪራይ ከማይከፍል የቴሌግራም ሻጭ በርካሽ ይገዛል። ኢኮኖሚስቱ ሌስተር ቴልሰር ይህንኑ ነገር በ1960 ጽፎታል፤ የሚያስረዳው ከስሮ የማያስረዳው ካተረፈ፣ መጨረሻ ላይ የሚያስረዳ አይኖርም። አነስተኛው ዋጋ ከታሰረ ግን ሱቆች የሚፎካከሩት በአገልግሎት ይሆናል።

ይህ ክርክር በ2007 አሸነፈ። ሊጂን የተባለ የቦርሳና የቀበቶ አምራች፣ ቴክሳስ ውስጥ ያለች ኬይስ ክሎዜት የተባለች ሱቅ ዕቃውን 20 በመቶ ቀንሳ ስትሸጥ ደርሶባት ዕቃ መስጠት አቆመ። ሱቋ ከሰሰች፤ በሥር ፍርድ ቤት ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ5 ለ4 ድምፅ የ1911ዱን ውሳኔ ሻረ። ከዚያ ወዲህ በፌዴራል ሕግ የዋጋ ማሰር በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጉዳቱና ጥቅሙ በየጉዳዩ ይመዘናል።

ልብ በሉ፤ የተቀጣችው ትልቅ የኦንላይን ሻጭ አይደለችም። አጠገቧ ካሉ ሱቆች ጋር ለመወዳደር ዋጋ የቀነሰች ትንሽ ሱቅ ናት። በ1931 የሰፈር ሱቅን ያድናል የተባለው ገመድ፣ በ2007 የሰፈር ሱቅን አሰረ። የገመዱ ጫፍ ሁልጊዜም አምራቹ እጅ ነበረ።

የእኛው አገር አዋጅ ቁጥር 813/2006 አነስተኛ የመልሶ መሸጫ ዋጋ የሚወስን ስምምነትን ይከለክላል። ለጓደኛዬ ስነግረው «እና ማን ኪራዬን ይከፍልልኛል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔም ላፕቶፔን የገዛሁት ከቴሌግራም ነው።