የተሰረቀ ፈረስና የተሰረቀ ውሻ፤ በእንግሊዝ ሕግ ታሪክ የባለቤቱና የቅን ገዢው ክርክር

አንድ ሰው እንስሳው ይሰረቅበታል። ሌባው ነገሩን ለማያውቅ ሰው ይሸጠዋል፤ ገዢውም ገንዘቡን ቈጥሮ ከፍሎ፣ ቀልቦና አላምዶ ሲኖር ባለቤቱ ድንገት አይቶ «የኔ ነው» ይላል። ሌባው ተሰውሯል፣ ቢያዝም የሚከፍለው የለውም። ስለዚህ ዳኛ ፊት የሚቆሙት ሁለቱም በደል የሌለባቸው ሰዎች ናቸው፤ ከሁለቱ ግን አንዱ ባዶ እጁን መመለሱ አይቀርም። የእንግሊዝ ሕግ ይህን ክርክር እንዴት ሲዳኝ እንደ ኖረ ብንመረምር፣ ፍርዱ እንደ እንስሳው ዓይነት ሲለያይ እናገኘዋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኛ መሆኑ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መነሻው ደንብ ማንም ሰው የሌለውን ሀብት ለሌላ ሊያስተላልፍ አይችልም የሚል ነው። ሌባ ባለሀብት ስላልሆነ ከእርሱ የገዛም ባለሀብት አይሆንም። ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ አንድ ታላቅ ልዩነት ነበረው፤ በታወቀ ገበያ፣ በግልጽና በቀን ብርሃን፣ በቅን ልቡና የገዛ ሰው፣ ዕቃው የተሰረቀ ቢሆንም እንኳ ባለሀብት ይሆን ነበር። በለንደን ከተማ ደግሞ ከእሑድ በቀር ሱቅ ሁሉ እንደ ገበያ ይቈጠር ነበር። ሆኖም በ1596 ዓ.ም. በአንድ ጸሐፊ ሱቅ ስለ ተሸጠ የብር ዕቃ ክርክር ተነሥቶ፣ ዳኞቹ ሱቅ እንደ ገበያ የሚቈጠረው ዘወትር ለሚነግድበት ዕቃ ብቻ ነው ብለው ወሰኑ። የደንቡ ምክንያት፣ ዕቃው የጠፋበት ሰው ገበያ ወጥቶ ይፈልግ፣ በአደባባይ ሲሸጥ ዝም ካለ ጉዳቱ የራሱ ይሁን የሚል ነው። መንደሩ ጠባብ፣ ገበያውም አንድ በሆነበት ቦታ ይህ ያስኬድ ይሆናል።

ለፈረስ ግን አያስኬድም። ፈረስ የሰረቀውን ሌባ ራሱ ተሸክሞ ይሄዳልና፣ ሌሊቱን ተጋልቦ በማግሥቱ ባለቤቱ ስሙን እንኳ በማያውቀው ገበያ ይቆማል። ስለዚህ በ1555 እና በ1589 ዓ.ም. ሁለት ሕጎች ወጡ። ፈረሱ ከጧቱ አራት ሰዓት (በእነርሱ አሥር ሰዓት) እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ለዚሁ በተመደበ ስፍራ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ለሕዝብ እንዲታይ ታዘዘ። ከዚያም ሻጭና ገዢ ቀራጩ ዘንድ ቀርበው ስማቸው፣ የፈረሱ መልክና አንድ ምልክቱ፣ የተሸጠበትም ዋጋ በመዝገብ ይጻፋል። ቀራጩ ሻጩን የማያውቀው እንደ ሆነ፣ ሻጩ የታመነ አዋቂ ሰው ማቅረብ አለበት። በከብት ገበያ «ዋስ ጥራ» ሲባል ለሰማ የአገራችን አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ከነዚህ አንዱ ከጐደለ ባለቤቱ ሀብቱን አላጣም፤ ፈረሱን ካገኘበት ሊወስድ ይችላል። ሁሉም ከተፈጸመ ደግሞ፣ በስድስት ወር ውስጥ ይገባኛል ብሎ በምስክር ካስረዳ፣ ገዢው በቅንነት የከፈለውን ዋጋ መልሶ ፈረሱን ይረከባል። በእኛ አስተያየት የዚህ ሕግ ብልሃት ሸክሙን ማከፋፈሉ ነው፤ ገዢው አስቀድሞ ይጠነቀቃል፣ ባለቤቱም ፈጥኖ ይፈልጋል። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከገበያ ወይም ከነጋዴ ለተገዛ የተሰረቀ ዕቃ ዋጋውን ለገዢው እያስመለሰ፣ ለባለቤቱ የሦስት ዓመት ጊዜ ይሰጣል። በ1952 ዓ.ም. (በእኛ አቈጣጠር) የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ናቸውና፣ እርሱም ቅን ገዢን ሲጠብቅ የተሰረቀን ነገር ለይቶ ያያል።

ውሻ ግን እንደ ፈረስ መዝገብ አልተከፈተለትም። ብላክስቶን ከ1765 እስከ 1769 ዓ.ም. ባሳተመው የሕግ ሐተታ ውሻን፣ ድመትን፣ ዝንጀሮንና በቀቀንን በአንድ መደብ አስቀምጦ፣ ዋጋቸው በባለቤቱ ስሜት ላይ የቆመ ስለሆነ መውሰዳቸው የስርቆት ወንጀል አይባልም ይላል። ባለቤቱ በፍትሐ ብሔር ከመክሰስ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። በ1770 ዓ.ም. ልዩ መቀጫ ቢወጣም ነገሩ አልተገታም። ሕጉ ዋጋ የለውም ያለውን እንስሳ ሌቦቹ ዋጋውን አሳምረው ያውቁት ነበር፤ ለሌላ ሰው ከመሸጥ ይልቅ ለገዛ ባለቤቱ መልሶ መሸጥ ይበልጥ እንደሚያተርፍም ተረዱ። ገጣሚዋ ኤልዛቤት ባሬት ፍለሽ የተባለ ውሻዋ ሦስት ጊዜ ተሰርቆባታል። በ1846 ዓ.ም. አባቷም፣ በኋላ ያገባት ሮበርት ብራውኒንግም ለሌባ መክፈልን ቢቃወሙ፣ እርሷ ራሷ በሠረገላ ወደ ሌቦቹ ሰፈር እስከ መሄድ ደርሳ በመጨረሻ ገንዘቡን ከፍላ ውሻዋን አስመለሰች። እንዲህ ሲሆን የገዛ ንብረቱን የሚገዛው ባለቤቱ ራሱ ነው። ከዚያ በፊት በ1844 ዓ.ም. የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ፣ በማግሥቱ ዓመት የወጣው ሕግ ውሻ መስረቅን ብቻ ሳይሆን፣ የተሰረቀ ውሻ ለማስመለስ ገንዘብ መቀበልንም ወንጀል አድርጎታል። ውሻን ከሌላው ንብረት የሚለየው የቀድሞ ሐሳብ ፈጽሞ የቀረው ግን በ1968 ዓ.ም. በወጣው የስርቆት ሕግ ነው።

የገበያው ልዩነትም በ1994 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ተሻረ። ስለዚህ ዛሬ በእንግሊዝ አገር የተሰረቀ ውሻ በቅን ልቡና የገዛ ሰው በመሠረቱ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ ገንዘቡንም ከሻጩ ይጠይቃል፣ ሻጩን ካገኘው። ነገር ግን በ1980 ዓ.ም. በወጣው የይርጋ ሕግ መሠረት፣ ውሻው መጀመሪያ በቅን ልቡና ከተገዛበት ቀን አንሥቶ ስድስት ዓመት ካለፈ የባለቤቱ መብት ይቀራል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ውሻ ሁሉ ቍጥር የያዘ ማይክሮቺፕ በቆዳው ሥር እንዲቀበርለት ታዟል፤ ይህ የፈረሱን ምልክትና የቀራጩን መዝገብ ያስታውሰናል። ልዩነቱ፣ በዚህ መዝገብ የሚጻፈው የጠባቂው ስም እንጂ የባለሀብቱ ስላልሆነ፣ ብቻውን ባለሀብትነትን አያስረዳም። በ2024 ዓ.ም. የወጣው ሕግም ውሻና ድመት ጠላፊን እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ የሚመለከተው ጠላፊውን ነው። ባለቤቱና ቅን ገዢው ግን ዛሬም ክርክራቸውን ይዘው የሚቀርቡት በፍትሐ ብሔር ዳኛ ፊት ነው።