የጠብታ መስኖና በቆሎ በደረቅ አገር

በደረቅ አገር የሚያርስ ሰው የሚጨነቀው ስለ ውሃው ማነስ ብቻ አይደለም፤ ያለው ውሃ ስለሚጠፋበትም መንገድ ነው። በእርሻው ሁሉ ላይ የተለቀቀ ውሃ ከፊሉ በፀሐይ ይተናል፥ ከፊሉ ከሥር አልፎ ይሰርጋል፥ ከፊሉም አረሙን ያጠጣል። የጠብታ መስኖ የሚባለው ዘዴ ውሃን ለእርሻው መስጠት ትቶ ለተክሉ ሥር ብቻ በጥቂት በጥቂቱ ማድረስ ነው። ይህንንም ብዙ ጸሐፊዎች የአንድ ሰው ግኝት አድርገው ይተርኩታል። ነገሩን ከበቆሎ በኩል ስንመረምረው ግን ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት፥ በቻይና በሀን ነገሥታት ዘመን የነበረው ፋን ሼንግዢ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ እንዲህ ያለ ሥራ ይገኛል፤ የሸክላ ማድጋ አፉ ከምድሩ እኩል ሆኖ ይቀበራል፥ በዙሪያው የዱባ ወገን የሆነ ተክል አራት ዘር ይተከላል፥ ማድጋውም ተከድኖ ውሃው በጐደለ ቁጥር ይሞላል። የውሃ እንስራ ውጭውን ሲያልበው ያየ ሰው የዚህን ምክንያት ለመረዳት ሌላ አስረጅ አያሻውም። አፈሩ ሲደርቅ ከሸክላው ይስባል፤ ሲረካ መሳቡን ይተዋል።

በ1897 በዋርሶ የተወለደው መሐንዲስ ስምኻ ብላስ፥ በ1930ዎቹ በፍልስጥኤም ምድር ውሃ ከሚያፈስ ቧንቧ አጠገብ የቆመ አንድ ዛፍ ከጎረቤቶቹ ይልቅ ገዝፎ አየ ይባላል። ብላስ የሚመሰገነው ግን በእኛ አስተያየት ዛፉን በማየቱ አይደለም። ቧንቧን በቀጭን ቀዳዳ መብሳት ለማንም ቀላል ነው፤ ችግሩ ቀዳዳው በአሸዋና በደለል ወዲያው መደፈኑ ነው። ብላስ ውሃው ረጅምና ጠመዝማዛ መንገድ እንዲያልፍ አደረገ። ውሃው በጒዞው ኃይሉን ስለሚያጣ መውጫው ሰፋ ቢልም በጠብታ ይወርዳል፥ በቀላሉም አይደፈንም። ርካሹ የፕላስቲክ ቧንቧም በዚያው ዘመን ደረሰለት። በ1965 በኔጌብ በረሃ ከሚገኘው ከሐጼሪም ኪቡጽ ጋራ ተዋውሎ የተቋቋመው ድርጅት ኔታፊም ተባለ፤ በዕብራይስጥ ጠብታዎች ማለት ነው። ከግእዙ «ነጠበ» ጋራ ያለው ዝምድና ለአንባቢ የተሰወረ አይሆንም።

በቆሎስ? በቆሎ ከዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በፊት በሜክሲኮ ከዱር ሣር የተገኘ እህል ነው። ጠባዩ ለድርቅ አይመችም፤ በተለይ ፂሙን በሚያወጣበት ሰሞን ውሃ ካጣ ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል። ይህም ሆኖ በአሪዞና ምድረ በዳ የሚኖሩት የሆፒ ሰዎች በዓመት 250 ሚሊሜትር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ዝናም በሚወርድበት አገር ያለ መስኖ ሲያበቅሉት ኖረዋል። በመቈፈሪያ እንጨት እርጥብ አፈር እስኪገኝ ድረስ፥ አንዳንዴ 30 ሳንቲሜትር ያህል ወርደው፥ በአንድ ጉድጓድ ብዙ ፍሬ ይጥላሉ፤ ጉድጓዱንም ከጉድጓድ አራርቀው ይቈፍራሉ። ጂ. ኤን. ኮሊንስ በ1914 እንዳስረዳው የእነርሱ በቆሎ ከዘሩ እስከ ቡቃያው ቅጠል ያለው አንገት እጅግ ስለሚረዝም ከዚያ ጥልቀት ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ዘር የብዙ ትውልድ ምርጫ ውጤት ነው። እነዚህ ሰዎች ውሃውን ወደ ዘሩ አላመጡም፤ ዘሩን ወደ ውሃው አወረዱት እንጂ።

በእኛም አገር በቆሎ «የባሕር ማሽላ» መባሉ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ሲመሰክር፥ ገበሬው ግን በራሱ ዘዴ ተቀብሎታል። ሽልሻሎ የሚባለው ሥራ ቡቃያው አንድ ወር ያህል ከሆነው በኋላ በቆሙት አገዳዎች መካከል በሬ ነድቶ በማረሻ ማለፍ ነው። አረሙ ይነቀላል፥ የበዛው ቡቃያ ይሳሳል፥ የደረቀው የአፈር ቅርፊት ተሰብሮ የሚቀጥለው ዝናም ወደ ሥር ይገባል። የመስኖን ታሪክ ከቧንቧ የሚጀምር ጸሐፊ ይህን ሁሉ ከቍጥር አያገባውም።

የጠብታ ቧንቧ በቅድሚያ ወደ ፍራፍሬና ወደ አትክልት መሄዱም ያለ ምክንያት አይደለም። የቧንቧውን ዋጋ ብርቱካንና ቲማቲም ይከፍሉታል፤ እህል ግን በርካሽ ይሸጣል፥ ለየመሥመሩ ወይም ለየሁለት መሥመሩም አንድ ቧንቧ ይጠይቃል። በእጅ ተበትኖ በተዘራ በቆሎ ዘንድ ደግሞ ቧንቧው የሚከተለው መሥመር የለም፤ ቢዘረጋም በሽልሻሎ ጊዜ ማረሻው ይበጥሰዋል።