ሬኔ ላሊክ

ሬኔ ላሊክ (1860–1945 እ.ኤ.አ.) የአበቦችን፣ የነፍሳትንና የአእዋፍን መልክ በጌጥ ላይ በማውጣት የታወቀ ፈረንሳዊ የወርቅ አንጥረኛና የመስታወት ሥራ ጥበበኛ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በአውሮፓ የተስፋፋው «አር ኑቮ» የተባለው የጥበብ ስልት ሲነሣ፣ ከጌጥ ሠሪዎች መካከል የእሱ ስም ይቀድማል።

ሕይወትና ሥልጠና

ላሊክ ሻምፓኝ በተባለው የፈረንሳይ ግዛት፣ አይ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ በሞተበት በ1876 ፓሪስ ውስጥ ሉዊ ኦኮክ ከተባለ አንጥረኛ ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ። ቀጥሎም እንግሊዝ አገር ሄዶ ተማረ። ሲመለስ ካርቲዬና ቡሽሮን ለተባሉ የጌጥ ቤቶች ንድፍ እየሠራ ቆየና በ1885 የራሱን ወርክሾፕ ያዘ።

አሠራሩ

በዘመኑ የጌጥ ዋጋ የሚለካው በተሰካበት አልማዝ ነበር። ላሊክ አልማዝን ለማድመቂያ ብቻ አስቀርቶ፣ ሌሎች አንጥረኞች ብዙም የማይፈልጉትን ቀንድና መስታወት ከወርቅ ጋር አዋሐደ። ቀንድ በሙቀት ስለሚለሰልስ የቅጠልና የአበባ ቅርጽ እያስያዘ የፀጉር ማበጠሪያ ይሠራበት ነበር። የነፍሳትን ክንፍ ለመሥራት ደግሞ በቀጫጭን የወርቅ ክፈፎች መካከል ባለቀለም የብርጭቆ ዱቄት ሞልቶ በእሳት ያቀልጠዋል። ኢናሜል የሚባለው ይህ የቀለጠ ብርጭቆ ከጀርባው የብረት መደብ ስለሌለው ብርሃን ያሳልፋል፤ ክንፉም የእውነተኛውን ያህል ስስ መስሎ ይታያል።

«የውኃ ተርቧ ሴት»

የዚህ አሠራር ዋና ማሳያ በ1897 እና በ1898 መካከል ገደማ የተሠራው «የውኃ ተርቧ ሴት» የተባለው የደረት ጌጥ ነው። ወርዱ 26.5፣ ቁመቱ 23 ሳንቲሜትር ነው። ክሪሶፕሬዝ ከተባለ አረንጓዴ ድንጋይ የተቀረጸች ሴት ከውኃ ተርብ አፍ ከወገቧ በላይ ብቅ ብላ ትታያለች፤ በክንዶቿ ፋንታ በማጠፊያ የተያያዙ ክንፎች ተዘርግተዋል፤ ከታች የአውሬ ጥፍር የመሰሉ የወርቅ እግሮች አሉ። ውብም አስፈሪም ስለሆነ ለመታየት እንጂ ለዘወትር ለመልበስ የሚሆን አይደለም። በ1900 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ የቀረቡት የላሊክ ሥራዎች ዝናውን ከፈረንሳይ ውጭ አስፋፉት። «የውኃ ተርቧ ሴት»ን በ1903 የገዛው የነዳጅ ባለሀብቱ ካሉስት ጉልበንኪያን ነው።

ወደ መስታወት ሥራ

ብዙዎች የላሊክን ንድፍ መቅዳት ሲጀምሩ እሱ ፊቱን ወደ መስታወት አዞረ። ለሽቶ ነጋዴው ፍራንሷ ኮቲ ጠርሙሶችን ነደፈ፤ በ1921 ደግሞ በአልዛስ፣ ቪንገን ሱር ሞደር በተባለች ከተማ ፋብሪካ አቋቋመ። ፋብሪካው ዛሬም በስሙ ይሠራል። ጉልበንኪያን የሰበሰባቸው የላሊክ ጌጦች በሊዝበን፣ በጉልበንኪያን ሙዚየም ይገኛሉ።